የሠርጉ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው!

እኔ እዚህ ዳንግላ ከጭቃውና ከብርዱ ጋር እየታገልኩ ደህና ነኝ። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የለመድናቸው ናቸው። "ትወደኛለች ወይስ ታስመስላለች?"፣ "የጓደኛዬ እጮኛ ልቤን ወሰደችው"፣ "ስደውል አያነሳም፣ ምን ላድርግ?" እነሱን ሌላ ሳምንት እንመለስባቸዋለን። ዛሬ ግን ከወደ ኢንጅባራ የመጣ አንድ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የልጁ ችግር አንድ ጊዜ የእኔም ችግር ነበረና። ስሜን አትጥቀሺ ብሎ ለምኖኛል፤ አልጠቅስም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

"ይድረስ ለእታለም፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ የ25 ዓመት ወጣት ስሆን ኢንጅባራ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ውጪ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ አንድ የጨዋታ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ጨዋታው እንደ ቼዝ ሰሌዳ፣ እንደ ካርታ ወረቀት የለውም። ጠረጴዛ ከብበን እንቀመጣለን። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቻችን የታሪኩን ሰዎች ሆነን እንናገራለን። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዳይስ ነው። አምስት ጓደኛሞች ወደድነውና እሑድ እሑድ በእኔ ቤት መጫወት ጀመርን። ቆይተን የድራጎኑና የአስማተኛው ነገር ሰለቸንና የራሳችን አደረግነው። ተጫዋቹ ፈረሰኛ ነው፤ ፈረሱን ይመርጣል፣ ስንቁን ይቋጥራል፣ ወደ ዓድዋ ይዘምታል። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስጽፍ 64 ገጽ ሆነልኝ።

"አሁን ሁለት መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። አዲስ አበባ ያለ የስልክ ጌም እሠራለሁ የሚል ሰው 15,000 ብር ልስጥህና ጠቅልለህ ሽጥልኝ፣ ስምህ ግን አይወጣም ብሎኛል። አንድ ማተሚያ ቤት ደግሞ 1,000 ቅጂ በ80,000 ብር አትምልሃለሁ አለኝ። ከእጮኛዬ ጋር ለሠርጋችን ያጠራቀምነው 86,000 ብር አለ። ሠርጉ ለጥር ነው። ገንዘቤን በጽሑፌ ላይ ባውለው ከሠርጉ በፊት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። እሷ ግን 'ወይ እኔን ወይ ወረቀትህን ምረጥ' ብላኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ ሕልምህን ሴት አታስቁምብህ ይሉኛል። እባክሽ ምከሪኝ።"

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው ቀናሁብህ። አራት ወር በሥራ የደከመ ዓይን ይዞ 64 ገጽ መጨረስ ቀልድ አይደለም፤ እጀምራለሁ የሚለው ብዙ ነው፣ ጨርሻለሁ የሚለው ጥቂት። በሁለተኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሒሳብ ሠራሁልህ። በሦስተኛው ግን አንዲት ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባች። ወደ እሷ ቃል መጨረሻ ላይ እመጣለሁ።

የሚመክርህን ሰው እወቅ

እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። የምኖረው እየጻፍኩ ነው፤ ተቀጣሪ ግን አይደለሁም። ጽሑፌ ከወጣ ይከፈለኛል፣ ካልወጣ የለም። ይህ ጋዜጣ እስካሁን አላስቀየመኝም (አዘጋጁ እንዳይቆርጠው ብዬ እንዳይመስልህ!)። ከዚህ በፊት የጻፍኩለት ሌላ ጋዜጣ ግን 11 ጽሑፍ አውጥቶ የአራቱን ብቻ ከፍሎኝ፣ "በሚቀጥለው ሳምንት" እያለ ከርሞ ተዘጋ። ሄጄ ልጠይቅ እንዳልል የአውቶቡሱና የአልጋው ወጪ ከዕዳው ይበልጣል። በምን ተስማምተን ነበር እንዳልል የተፈራረምንበት ወረቀት የለም። በስልክ "አትስጊ እህቴ" የሚል ቃል ብቻ ነበር የያዝኩት።

በዚህ ተናድጄ "ለሰው ከምደክም ለራሴ አሳትማለሁ" አልኩ። አጫጭር የፍቅር ታሪኮች ነበሩኝ። ዕቁብ ወጣልኝ። ያ ገንዘብ ለእማዬ ቤት ቆርቆሮ መቀየሪያ ነበር። እንደ አንተው "ከክረምቱ በፊት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል" ብዬ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። ማተሚያ ቤቱ አላታለለኝም፤ 1,000 ቅጂ አልኩት፣ 1,000 ቅጂ ሰጠኝ። ከእጄ የወጣው 212 ነው። ከዚያም ውስጥ 70ው "ሲሸጥ እሰጥሻለሁ" ያሉኝ ሱቆች ጋ እንደወጣ ቀረ።

ክረምቱ ገባ። የእኛን አገር ክረምት አንተም ታውቀዋለህ። እማዬ ያንን ክረምት ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲና ሳፋ እየደረደረች አሳለፈች። አንድ ቀን "ገንዘቡስ?" አላለችኝም። አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲብስ ግን ነቅቼ አየኋት። ከቤቱ የማታፈሰው አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች፤ የእሷ መደብ ያለባት። እማዬ መኝታዋን ወደሚያፈሰው ስባ የእኔን የመጽሐፍ ካርቶኖች በዚያች ጥግ ትደረድራለች። "የልጄ ልፋት አይበስብስ" ብላ።

እንግዲህ የምመክርህ ያንን ያየሁት እኔ ነኝ።

15,000 ብሩ ያንሳል?

ጓደኞችህ "በ15,000 ብር ሊዘርፍህ ነው" ሳይሉህ አይቀሩም። እስቲ እንቁጠረው። አራት ወር 16 ሳምንት ነው። በሳምንት 12 ሰዓት ጻፍክ እንበል፤ 192 ሰዓት ይሆናል። 15,000 ለ192 ሲካፈል በሰዓት 78 ብር ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ለእኔ ለአንድ ሰዓት ጽሑፍ 78 ብር ያስገኘልኝ ሳምንት ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋጋው ስድብ አይደለም።

ስድቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰውየው የሚገዛው ልፋትህን ብቻ አይደለም። ጽሑፉን፣ ወደፊት ከጽሑፉ የሚወለደውን ሁሉና ስምህን ጭምር ነው። ነገ ጨዋታው ቢወደድ፣ አንተ ኢንጅባራ ፎቶ ኮፒ እያነሣህ የራስህን ጨዋታ የሌላ ሰው ስም ለጥፎ ታየዋለህ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" ብትል ማን ያምንሃል?

ይህ የአንተ ብቻ ዕጣ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ በሚታተምባቸው የውጪ አገሮችም ብዙ ጸሐፊ የሚሠራው እንደኔ በቁርጥ ነው። ክፍያው በቃል ይቆጠራል፤ ለአንድ ቃል ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም። መብቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚው ጠቅልሎ ይወስደዋል። ከዚህ የሸሹት ናቸው ራሳቸው ወደ ማሳተም የዞሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ዲኤምስ ጊልድ የሚባል የኢንተርኔት ገበያ ተከፍቶ ከሽያጩ ግማሹን ለጸሐፊው መስጠት ጀመረ። እዚያ የሚሸጠው ግን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ነው። ያንተ የራስህ ስለሆነ ቦታው አይደለም። በሌላ የውጪ ገበያ በእንግሊዝኛ ልሞክር ካልክም ሞክር፤ ዶላሩ እጅህ የሚገባበትን መንገድ ግን ከመጻፍህ በፊት አጣራ።

ሕጉስ? በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 410/1996። ለአንተ የሚጠቅሙህን አራት ነገሮች ልንገርህ። አንደኛ፣ የጻፍከው ጽሑፍ ከጻፍክበት ሰዓት ጀምሮ የአንተ ነው፤ ማኅተም እስኪመታበት አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ ሕጉ ጽሑፍህን እንጂ ሐሳብህን አይጠብቅልህም። "ዳይስ ወርውሮ ፈረስ መምረጥ" የሚለውን ሐሳብ ሌላ ሰው በራሱ ቃል ቢጽፈው ክስ የለህም። ስለዚህ ጨዋታውን ለሰው ለማሳየት አትፍራ፤ ደብቀህ ማን ሊገዛህ? ሦስተኛ፣ ሰው አዝዞህ ለእሱ የምትጽፈው ጽሑፍ ግን ሌላ ውል ከሌለ ባለቤቱ ያዘዘህ ሰው ነው። ይህ የአሁኑን አይነካም፣ አስቀድመህ ጽፈኸዋልና። "ሁለተኛ ክፍል ጻፍልኝ" ካለህ ግን ይነካሃል። አራተኛ፣ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት። "አትስጊ እህቴ" ውል አይደለም።

ስለዚህ ለሰውየው "አልሸጥም" ብለህ በሩን አትዝጋ። እንዲህ በለው፦ "15,000 ብሩን እቀበላለሁ፤ ለስልክ ጌም ብቻ፣ ለሁለት ዓመት። ወረቀቱ የእኔ ነው። ስሜ ይወጣል። ግማሹን ስንፈራረም፣ ግማሹን ጽሑፉን ስትረከብ ትከፍለኛለህ።" እሺ ካለ ቁም ነገረኛ ነው። ከተቆጣና "እንግዲያው ተወው" ካለ ደግሞ ሊወስድ ያሰበው ምን እንደነበር በነጻ አወቅህ።

1,000 ቅጂ ማን ይገዛዋል?

አሁን ወደ 80,000 ብሩ። አንዱ ቅጂ 80 ብር ወጣበት ማለት ነው። በ200 ብር ልትሸጠው አሰብክ እንበል። ሱቁ 30 በመቶ ቢወስድ 60 ብሩ የእሱ ነው፤ ለአንተ 140 ይቀራል። 80,000 ብርህን ለመመለስ ብቻ 572 ቅጂ መሸጥ አለብህ። እጥፍ አላልኩም፣ ለመመለስ ብቻ።

አንድ ነገር ግን ረስተሃል። የእኔ የፍቅር ታሪክ ለአንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ነው። ያንተን ጨዋታ ግን አምስት ሰው በአንድ መጽሐፍ ይጫወታል፤ መጽሐፉ የሚያስፈልገው ለተራኪው ነው። ስለዚህ 572 ቅጂ እንዲሸጥ 572 የተጫዋች ቡድን ያስፈልግሃል፤ በአምስት ብታባዛው 2,860 ሰው። ኢንጅባራና ዳንግላ ላይ፣ እስከ ጥር፣ ይህን ጨዋታ በስሙ እንኳ ሰምቶ የማያውቅ 2,860 ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ሊቀመጥልህ ነው? ወንድሜ፣ ዛሬ በእጅህ ያለው ቡድን አንድ ነው፤ እሱም መጽሐፉን በነጻ ነው የሚጫወተው።

ታሪኩን ካነበብክ "የመጀመሪያዎቹስ ሺህ አሳትመው የለም ወይ?" ትለኛለህ። እውነት ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው የወጣው። ጸሐፊዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ጋይጋክስ ከኢንሹራንስ ሥራው ወጥቶ ጫማ እየጠገነ ይኖር ነበር። የሚያሳትምለት ሲያጣ በ1973 ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር አንድ አንድ ሺህ ዶላር አዋጥተው ድርጅት አቋቋሙ። ኬይ ድርሻውን ያገኘው ከሕይወት ኢንሹራንሱ ተበድሮ ነው። ገንዘብ ያለው ሌላ ሰው ጨምረው 1,000 ቅጂ አሳተሙ፤ ቤት ውስጥ በሳጥን እያሸጉ ሸጡት፣ አለቀም።

የማይነገረውን ክፍል ደግሞ ስማ። በዚያችው ከተማ እነጋይጋክስ ከ1968 ጀምሮ የጨዋታ ወዳጆችን በየዓመቱ የሚሰበስቡበት ጉባኤ ነበራቸው። ገዢያቸውን ከመጽሐፉ ስድስት ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ኬይ ደግሞ የልፋቱን ፍሬ ሳያይ በ1975 መጀመሪያ ላይ ሞተ። አርነሰንም "ድርሻዬን አልሰጣችሁኝም" ብሎ በ1979 ጓደኞቹን ከሰሰ፤ የታረቁት በ1981 ነው። ጠረጴዛ ከበው አብረው ሲስቁ የነበሩ ሰዎች በጠበቃ ተነጋገሩ። አንተስ ከአራቱ ጓደኞችህ ጋር ተፈራርመሃል? የፈረሱን ነገር ያሰበው ማን ነው? የስንቁንስ? ዛሬ ሳንቲም ሳይገባ ተነጋገሩ፤ ገንዘብ ከገባ በኋላ ሁሉም "እኔ ነኝ ያሰብኩት" ይላል።

ከዚሁ ከጎረቤታችን ከአቸፈር የወጣውን አቤ ጉበኛንም አስብ። ደሞዙን ትቶ በብዕሩ ለመኖር ከደፈሩት ቀደምት ደራሲዎቻችን አንዱ እሱ ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው "አልወለድም" ታግዶበታል። ያ ሁሉ አንባቢ የነበረው ሰው እንኳ ልፋቱ በአንድ ቀን ትእዛዝ ከገበያ ሊወጣበት ችሏል። መጽሐፍ ማሳተም ልብ ያለው ሰው ሥራ ነው፤ እንዳታቆም ነው የምልህ። በሰው ገንዘብ ግን አይሁን።

እንግዲያው ምን አድርግ?

የምትሠራው የት ነው? ፎቶ ኮፒ ቤት! ማተሚያ ቤቱ እጅህ ላይ እያለ 80,000 ብር ይዘህ ሌላ ማተሚያ ቤት ትፈልጋለህ እንዴ?

64 ገጽ በኤ4 ወረቀት ግማሽ ሲታጠፍ 16 ወረቀት ነው። ኮፒው፣ ሽፋኑና ስቴፕለሩ ተደምሮ አንዱ ቅጂ 150 ብር ያውጣ እንበል። አዎ፣ ከማተሚያ ቤቱ 80 ብር ይወደዳል። ግን 30 ቅጂ ብቻ አውጣ፤ 4,500 ብር ነው። አለቃህን አስፈቅደህ፣ ከራስህ ደሞዝ። በ250 ብር ከእጅ ወደ እጅ ብትሸጠው 18ኛው ቅጂ ላይ ገንዘብህ ተመልሷል። የቀረው 12 ትርፍህ ነው፤ 3,000 ብር። አንዱም ባይሸጥ የጎዳኸው የአንድ ወር ኪስህን ነው እንጂ ትዳርህን አይደለም።

የት ትሸጠዋለህ? በመጀመሪያ አትሽጥ፤ አጫውት። ዩኒቨርሲቲው ደጃፍህ ላይ ነው። ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት ይሰብሰቡ፣ አንተ ተርክላቸው። የወደደው ገንዘቡን በቴሌብር አስቀድሞ ይክፈል፤ ቅጂውን ከዚያ አውጣለት። ፒዲኤፉን ግን በቴሌግራም አትልቀቅ፤ በሳምንቱ መልሶ ለአንተው ይደርስሃል። ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ኢንጅባራ ይመጣል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ማኅበር ነው። አባቶቹን አስቀድመህ ሄደህ አናግራቸው፤ ስለ ፈረስና ስለ ዘመቻ የጻፍከውን አንብብላቸው። የተሳሳትከውን ያርሙሃል። ስማቸውንም ሳታስፈቅድ ሽፋን ላይ አታውጣ።

30ው ካለቀ 50 አውጣ። 50ው ካለቀ 100። አምስት መቶ ሰው "የት አገኛለሁ?" ብሎ ሲጠይቅህ ያኔ ማተሚያ ቤቱን አንኳኳ።

ያቺ ቃል

በሦስተኛው ንባቤ ያገኘኋት ቃል ይህቺ ናት። "ለሠርጋችን ያጠራቀምነው 86,000 ብር" ብለህ ጽፈህ ሁለት መስመር ሳትሄድ "ገንዘቤን" አልክ። ያጠራቀምነው የነበረው መቼ ነው የአንተ ብቻ የሆነው? ስንቱን እሷ እንዳስቀመጠች አልነገርከኝም። ግማሹ ነው? ከግማሽ በላይ? ጓደኞችህ "ሕልምህን ሴት አታስቁምብህ" ሲሉህ፣ እሷም በዚያው ብር ውስጥ ሕልም እንዳስቀመጠች አንዳቸው አላሰቡም።

"ወይ እኔን ወይ ወረቀትህን" ማለቷ ጽሑፍህን ጠልታ አይመስለኝም። "ሳትጠይቀኝ ከወሰድክ እኔ ለአንተ ምንህ ነኝ?" እያለችህ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አራት ወር ስትጽፍ አንድ ገጽ አንብበህላታል? እሑድ አምስታችሁ ስትስቁ ስድስተኛ ወንበር ተስቦላት ያውቃል? የዛሬ እሑድ ጥራት። ፈረሷን ትምረጥ፣ ስንቋን ትቋጥር። የማይገባትን ቦታ ስትነግርህ ጻፍ፤ ሳይሰለቻት እውነቱን የምትነግርህ የመጀመሪያዋ አንባቢህ እሷ ናት። ያን ቀን ስለ 86,000 ብሩ አታንሣ። ሠርጉ በጥር ይሁን።

የእኔ ነገር እንዴት አለቀ ብትለኝ፣ ቆርቆሮውን ከሁለት ክረምት በኋላ በዚህ ዓምድ ገንዘብ፣ ቅጠል በቅጠል እየገዛሁ ቀየርኩት። የተረፉት 788 መጻሕፍት አሁንም እማዬ ቤት አሉ። "እማ፣ ለሱቅ መጠቅለያ እንስጣቸው" ብላት አትሰማኝም። ቤቱ ዛሬ ከየትም አያፈስም፤ ካርቶኖቹ ግን አሁንም በዚያች ጥግ ናቸው። እሷም ወደ ጥጓ አልተመለሰችም።

ሌሎቻችሁም የምትጽፉ፣ የምትስሉ፣ የምትዘፍኑ ወጣቶች፣ ያጋጠማችሁን ጻፉልኝ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!